ወንዝ ውስጥ «ትሱፑ»፣ ሰማይ ላይ «ኩኑኙኑን»፦ ኬቹዋ በእውነት ተፈጥሮን ይቀዳል ወይ?

ጥያቄው ባጭሩ እንዲህ የሚል ነው፦ «ስለ ፔሩ አንድ ቪዲዮ እያየሁ ተራኪው የኬቹዋ ቃላት በሙሉ የተፈጥሮን ድምፅ በመቅዳት የተሠሩ ናቸው አለ። ደሞ ‹ጪን› ማለት ዝምታ ነው ሲል ደነገጥኩ፣ የኛን ጭጭ አይመስልም? እውነት ነው? ከአማርኛ ጋርስ ዝምድና አለው እንዴ? የቋንቋ ሰው ካለ ያስረዳኝ።»

የቋንቋ ሰው ነኝ፣ ኬቹዋንም ፔሩ ውስጥ ኩስኮ ከተማ ለአንድ ክረምት ተምሬያለሁ፣ እንደ አፍ መፍቻ ባልናገረውም የማወራውን አውቃለሁ። «በሙሉ» የሚለው ውሸት ነው። ጪን ግን እውነት ነው። ዝምድና የለም፣ ግን ዝምድና ከሌለበት መመሳሰል የሚገርም ነገር አለ እሱን ላስረዳህ፣ ትንሽ ስለሚረዝም ቡናህን ያዝ።

መጀመሪያ ኬቹዋ አንድ ቋንቋ አይደለም፣ ቤተሰብ ነው። ከኮሎምቢያ ደቡብ ጀምሮ በኢኳዶር፣ በፔሩ፣ በቦሊቪያ አድርጎ እስከ ሰሜን አርጀንቲና ከ7 እስከ 10 ሚሊዮን ሰው ይናገረዋል፣ የኢኳዶሩ ተናጋሪ (እነሱ ኪችዋ ነው የሚሉት) እና የመካከለኛው ፔሩ ተናጋሪ ቢገናኙ እንደልብ አይግባቡም። ስለዚህ «በኬቹዋ እንዲህ ይባላል» ሲሉህ የት ያለው ኬቹዋ ብለህ ጠይቅ። እኔ እዚህ የማነሳው በዋናነት ሁለቱን ነው፣ የኩስኮን እና የኢኳዶር አማዞን ጫካ ውስጥ ፓስታሳ ወንዝ አካባቢ የሚነገረውን።

አሁን ወደ ጪን። በኩስኮ ኬቹዋ ጪን ዝምታ ነው፣ ጪንኔኽ ደግሞ ሰው የሌለበት ጭር ያለ ቦታ። (ጭን እንዳትለው፣ ያ ሌላ ነገር ነው ሃሃ።) ይሄ ሁለተኛው ቃል ሲፈታ ነው ነገሩ የሚጥመው፦ ውስጡ ጪን እና ኒይ የሚሉ ሁለት ቃላት አሉ። ኒይ ምንድነው? «ማለት» ነው፣ አለ፣ ትላለች፣ ይላሉ የምንለው። ስለዚህ ጪንኔኽ ቃል በቃል «ጪን የሚል» ነው፣ ልክ እኛ «ጭር ያለ ሰፈር» እንደምንለው! አንድ ነገር ሲፈነዳም «ጦኽ» ብለው ኒይን ያስከትላሉ፣ «ጦኽ አለ»፣ እኛ ዷ አለ ወይም ጧ አለ እንደምንለው ማለት ነው። ከዚሁ ጦኽ ደግሞ ጦኽያይ የሚል ሙሉ ግስ ወጥቷል፣ መፈንዳት።

እዚህ ጋ ቆም በልና የራስህን ቋንቋ አስብ። ብቅ አለ፣ ጥልቅ አለ፣ ቦግ አለ፣ ብልጭ አለ፣ ኮሽ አለ፣ ዘጭ አለ፣ ሽው አለ፣ እረጭ አለ፣ ከነዚህ ውስጥ በእውነት በአፉ ያለው ማን አለ? መብራቱ ቦግ «ሲል» አልተናገረም። እኛ ግን ሳናስበው በቀን መቶ ጊዜ ነገሮችን እናናግራቸዋለን። እንግሊዝኛ ተናጋሪ ተማሪዎቼ ይሄን ሳስረዳቸው አፋቸውን ከፍተው ነው የሚያዩኝ፣ ለኛ ግን ውሃ ነው። ስለዚህ ይሄን የኬቹዋ ክፍል ለመረዳት አማርኛ ተናጋሪ መሆን ትልቅ ዕድል ነው፣ ብዙ ፈረንጅ ተመራማሪ ዓመታት ፈጅቶ የሚደርስበትን አንተ ከእናትህ ይዘኸው ነው የመጣኸው።

ወደ ጫካው ልውሰድህ። ጃኒስ ናኮልስ የምትባል አሜሪካዊት የቋንቋ ተመራማሪ አለች፣ የፓስታሳን ኪችዋ ለረጅም ዓመታት ከተናጋሪዎቹ ጋር ቁጭ ብላ ያጠናች፣ በ1996 (እዚህ የምጠቅሳቸው ዓመቶች በሙሉ በፈረንጅ ናቸው) በዚሁ ጉዳይ ላይ አንድ ሙሉ መጽሐፍ አሳትማለች። የሷ ሥራ ዋና ነገር ምንድነው፣ እነዚህን ቃላት እንደ ልጅ ጨዋታ ወይ እንደ ወሬ ማጣፈጫ አትያቸው፣ ሰዋስው ውስጥ ሥራ አላቸው ነው የምትለው። ምሳሌ፦ ትሱፑ። አንድ ነገር ውሃ ውስጥ ሲገባ ያለው ነው፣ ግን ድምፁ ብቻ አይደለም፣ መውደቁ፣ ውሃውን መንካቱ፣ ከውስጥ መግባቱ አንድ ላይ ነው። ተቃራኒው ፖላንግ ነው፣ ከውሃ በታች የነበረ ነገር ብቅ ሲል፣ ለምሳሌ እባብ ወይ ታንኳ ወይ ዋናተኛ ጭንቅላቱ ወደ ላይ ሲወጣ። እኛ ጋ ጥልቅ አለ እና ብቅ አለ ናቸው፣ ግን የኛ ብቅ ከበር ኋላም ከመስኮትም ይሆናል፣ የነሱ ፖላንግ ውሃ ይፈልጋል፣ ወንዝ ዳር የሚኖር ሕዝብ ቃል መሆኑ ያስታውቃል። ሌላ ደግሞ ታክ አለ፣ አንድ ነገር ሌላውን የነካበት ቅጽበት፣ ሳው አለ ውሃ ሲደፋ፣ ትሳክ አለ ሹል ነገር ሲወጋ።

ሥራ አላቸው ያልኩት እንግዲህ ይሄ ነው። «ወደ ወንዙ ወደቀ» ብትል ገና እየወደቀ ይሁን ወድቆ ያለቀ ይሁን ከግሱ ብቻ ላይታወቅ ይችላል፣ ትሱፑ ስትጨምርበት ግን አለቀ፣ ገባ፣ ሌላ ነገር የለም። ማለትም ድርጊቱ መጠናቀቁን በመንገር በሌሎች ቋንቋዎች ቅድመ ቅጥያ ወይ ድህረ ቅጥያ የሚሠራውን ሥራ እዚህ ድምፃዊው ቃል ይሠራዋል። ደግመህ ደግመህ ብትለው ድርጊቱ ተደጋግሟል፣ አናባቢውን ብታስረዝመው ርቀቱ ወይ ጊዜው ረዝሟል። እኛም እኮ ጠብ አለ ስንልና ጠብ ጠብ አለ ስንል ልዩነቱን ማንም አያስተምረንም። «ምንም ጠብ አላለለት» ስንል ደግሞ ውሃም ድምፅም የለም፣ ቃሉ ግን ከጠብታ ተነስቶ እዚያ ድረስ ሄዷል።

ተናጋሪዎቹ እነዚህን ቃላት ሲሏቸው ዝም ብለው አይሏቸውም። ድምፃቸው ከፍ ይላል ወይ ይወርዳል፣ እጃቸው አብሮ ይሄዳል፣ ፖላንግ ሲሉ እጁ ከታች ወደ ላይ ይመጣል። የኬቹዋ ተራ ቃል አጥብቆ የሚነገረው ከመጨረሻው በፊት ባለው ክፍለ ቃል ላይ ነው፣ እነዚህ ግን ብዙዎቹ መጨረሻቸው ላይ ይጠብቃሉ፣ ገና ሲሰሙ ከሌላው ንግግር ለየት ይላሉ። ጽሑፍ ላይ ሲሰፍሩ ግማሽ ሕይወታቸው የሚጠፋውም ለዚህ ነው። ናኮልስና ባልደረቦቿ «ኬቹዋ ሪል ዎርድስ» በሚል ስም ተናጋሪዎቹ ራሳቸው ሲያወሩ የተቀረጸ ቪዲዮ ኦንላይን አስቀምጠዋል፣ ከኔ ጽሑፍ ይልቅ እሱን 10 ደቂቃ ብታይ ይሻልሃል፣ እውነቴን ነው።

እና ደሞ ልብ በል፣ ሁሉም ድምፅ አይደለም። ፖላንግ ምን ድምፅ አለው? እባብ ከውሃ ሲወጣ ድምፅ የለውም እኮ። ጪንም የድምፅ አለመኖር ነው። ስለዚህ «ድምፅ አስመሳይ ቃላት» የሚለው ስም ራሱ ጠባብ ነው፣ እንቅስቃሴም ብርሃንም ዝምታም መንቀጥቀጥም በአፍ ይሳላል። የኛ ብልጭ ድምፅ አለው? የለውም፣ ግን ስትለው ዓይንህ ይጨፈናል።

አሁን ወደ ነጎድጓድ፣ እኔ በጣም የምወደው ክፍል።

ጋርሲላሶ ዴ ላ ቬጋ የሚባል፣ እናቱ የኢንካ ልዕልት አባቱ ስፓኒሽ የሆነ ጸሐፊ በ1609 ሊዝበን ላይ የኢንካዎችን ታሪክ አሳተመ። እዚያ ውስጥ አንድ አጭር የኬቹዋ ግጥም አለ፣ ብላስ ባሌራ ከተባለ የኢየሱሳውያን ቄስ ወረቀቶች ያገኘው። የግጥሙ ሐሳብ፦ ሰማይ ላይ አንዲት ቆንጆ ልዕልት እንስራ ይዛ ቆማለች፣ ዝናቡንም በረዶውንም የምትልከው እሷ ናት፣ ወንድሟ መጥቶ እንስራዋን ይሰብርባታል፣ ነጎድጓዱና መብረቁ የሚመጣው ከዚያ ነው። እና ነጎድጓድ ለሚለው ቦታ ግጥሙ የሚጠቀመው ግስ ኩኑኙኑን ነው። ጮክ ብለህ በለው፣ ኩ-ኑ-ኙ-ኑን። እንስራው ሲሰበር ያለው «ጧ» አይደለም እኮ፣ ከዚያ በኋላ ተራራ ለተራራ እየተንከባለለ የሚሄደው ጉምጉምታ ነው። አንዲስ ተራራ ውስጥ ነጎድጓድ ሰምተህ ከሆነ (እኔ ኩስኮ በላይ በእግር ስሄድ አንድ ቀን ደርሶብኛል፣ ሮጬ ድንጋይ ሥር ነው የገባሁት) በቃ ይሄ ቃል ከ400 ዓመት በፊት የተቀረጸ ኦዲዮ ነው ትላለህ።

አሠራሩን እየው፣ ጭራው ነው የሚደጋገመው። ይሄ የኬቹዋ አንድ ትልቅ ዘዴ ነው። መንቀጥቀጥ ካታታታይ ነው፣ በብርድም በፍርሃትም። ማብለጭለጭ ልዪፒፒፒይ ነው። ግሱን ከፊት ትጀምርና የመጨረሻዋን ክፍለ ቃል ታ-ታ-ታ፣ ፒ-ፒ-ፒ እያልክ ታንቀጠቅጣታለህ፣ መጨረሻ ላይ «ይ» ጨምረህ ግስ አደረግከው። የኛስ? እኛ ጭራ አንደጋግምም፣ ሁለት ተነባቢ ይዘን ጥንድ ጥንዱን እንደግማለን፦ ተንቀጠቀጠ፣ ቀጠ-ቀጠ። ተንዘፈዘፈ፣ ተብለጨለጨ፣ ተንጠባጠበ፣ ተንኮሻኮሸ። ነጎድጓድ ራሱ ጎድ-ጓድ አይደል? ሐሳቡ አንድ ነው፣ ነገሩ በተፈጥሮ ስለተደጋገመ ቃሉም ይደገም፣ የመድገሚያው ማሽን ግን የተለያየ ነው፣ እነሱ በክፍለ ቃል፣ እኛ በሥርወ ቃል ተነባቢዎች። ተማሪዎቼን ሴም ቋንቋ ምን እንደሚመስል ሳስተምር ካታታታይን ከተንቀጠቀጠ ጎን ነው ቦርድ ላይ የምጽፈው፣ ከዚህ የተሻለ ማሳያ አላገኘሁም።

ድምፆቹ ላይ ደግሞ ሌላ መመሳሰል አለ። የኩስኮ ኬቹዋ ጠ አለው፣ ጨ አለው፣ ጰ አለው፣ ቀ አለው፣ ፈንጂ ድምፆች የምንላቸው። ሦስት ዓይነት «ታ» ይለያሉ፦ ተራ ታንታ (መሰብሰብ)፣ በትንፋሽ የሚወጣ ታንታ (ያረጀ የነተበ ነገር)፣ እና ጣንታ፣ ዳቦ። ክፍላችን ውስጥ የነበሩት አውሮፓውያን ዳቦ ለመጠየቅ ሁለት ሳምንት ታገሉ፣ አንዱ ምስኪን ሁልጊዜ ያረጀ ጨርቅ ነበር የሚጠይቀው። እኔ የመጀመሪያ ቀን ጣንታ ስል አስተማሪያችን ከቦርሳዋ እውነተኛ ዳቦ አውጥታ ሰጠችኝና «ይሄ የኛ ልጅ ነው» አለች። (ግን ቶሎ ተዋረድኩ፣ ከጉሮሮ በታች የሚወጣ ሌላ «ቅ» አላቸው እሱ አልወጣልኝም እስካሁን።) ከድምፅ አስመሳይ ቃላት ጋር ምን ያገናኘዋል ካልክ፣ ፈንጂ ድምፅና የትንፋሽ ድምፅ ያለው ቋንቋ ቀለም ያለው ቡሩሽ እንዳለው ሰዓሊ ነው። ለፍንዳታና ለድንገተኛ ነገር ጠ እና ጨ አለው፣ ለመንፋት ደግሞ የትንፋሹ «ፕ» አለው፣ መንፋት ፑኩይ ነው፣ ከንፈርህ ፊት ወረቀት ይዘህ ብትለው ወረቀቱ ይንቀሳቀሳል፣ ቃሉ ራሱ እፍ ይላል። አያኩቾ በሚባለው ሌላ የፔሩ አካባቢ የሚነገረው ኬቹዋ ግን እነዚህ ድምፆች የሉትም፣ ያም ሆኖ ያለ እነሱ ሥዕሉን ይሥላል፣ የፓስታሳውም እንዲሁ። ስለዚህ ቡሩሹ ይረዳል እንጂ ሰዓሊውን አይፈጥረውም።

ወፎችን ባጭሩ። እዚህ ጋ ቪዲዮው ትንሽ እውነት አለው፣ የወፍ ስም በብዙ ቋንቋ ወፏ ራሷ የሰጠችው ነው። ሌኬ ሌኬ የምትባል የደጋ ወፍ አለች፣ ሰው ሲቀርባት እየጮኸች የምትነሳ፣ ጩኸቷ ነው ስሟ። (የሷ ወገን የሆነች፣ ኢትዮጵያ ደጋ ላይ ብቻ የምትገኝ ወፍ ባሌ ላይ አለች፣ እሷም ዝም የምትል አይደለችም።) ጉጉት ቱኩ ነው። ዛፍ በሌለበት ገደል ላይ የምትኖር ግንደ ቆርቁር ሃቃክልዩ ትባላለች፣ ይሄም ከድምፁ። ጫጩት ቺውቺ ነው። ግን ኮንዶር ከኬቹዋው ኩንቱር የመጣ ነው፣ ኮንዶር ደግሞ ድምፅ የለውም ማለት ይቻላል፣ ስለዚህ እሱ ከየት ተቀዳ? ውሻ አልቆ ነው፣ አልቆ የሚል ውሻ ሰምተህ ታውቃለህ? ውሃ ያኩ ወይም ኡኑ፣ ድንጋይ ሩሚ፣ ተራራ ኡርቁ፣ እነዚህ እንደማንኛውም ቋንቋ ተራ ቃላት ናቸው። ነፋስ ዋይራ ነው፣ «አየህ ዋይ ይላል እኮ» የሚል ቱሪስት ብዙ ነው። ትርጉሙን አስቀድመህ ካወቅክ ግን ማንኛውም ቃል ትርጉሙን ይመስልሃል። ፈተናው ቀላል ነው፣ ትርጉሙን ለማያውቅ ጓደኛህ ዋይራ ምን ይመስልሃል ብለህ ጠይቀው፣ ከዚያ ኩኑኙኑንን ጠይቀው። ልዩነቱን ታያለህ።

ስለ ኬቹዋ ድምፅ ሲወራ ሆሴ ማሪያ አርጌዳስን ማለፍ አይቻልም። በ1911 አንዳዋይላስ የተወለደ የፔሩ ደራሲና አንትሮፖሎጂስት፣ በኬቹዋ ተናጋሪዎች መሃል ያደገ። በ1958 ባወጣው «ጥልቅ ወንዞች» በተባለው ልብወለዱ ውስጥ አንድ ምዕራፍ የሚጀምረው በታሪክ ሳይሆን በቋንቋ ትምህርት ነው፦ -ይልዩ የሚለው የቃል መጨረሻ የትናንሽ ክንፎችን ሙዚቃ፣ የቀላል ነገሮችን እንቅስቃሴ ድምፅ ይይዛል ይላል። ከዚያ ታንካይልዩን ያመጣል፣ አበባ ላይ ጥዝ የምትል ነፍሳት፣ ከዚያ ፒንኩይልዩን፣ ትልቅ ዋሽንት፣ ከዚያ ደግሞ የትምህርት ቤት ልጆች የሚያሽከረክሩት እንዝርት መሳይ መጫወቻ ይመጣል፣ ዙምባይልዩ። ዙምባር ስፓኒሽኛ ነው፣ ጥዝ ማለት፣ -ይልዩ የኬቹዋ ነው፣ ሁለቱ ቋንቋ በአንድ መጫወቻ ውስጥ ይሽከረከራሉ። ይሄን እንደ ሰዋስው ሕግ አትውሰደው፣ -ይልዩን ባገኘኸው ቃል ላይ እየለጠፍክ አዲስ ቃል አትሠራም፣ የደራሲ ጆሮ ነው የሚናገረው። ግን እዚያ ቋንቋ ውስጥ ያደገ ሰው ቃላቱን እንዴት እንደሚሰማቸው ከዚህ በላይ የነገረኝ ምሁር የለም። የአገሩ ወንዝ አፑሪማክ ስሙ «የሚናገረው ኃያል» ነው፣ ሪማኽ ተናጋሪ ማለት፣ ሊማ ከተማም ስሟን ያገኘችው ከዚያው ሪማኽ ነው። ወንዝ ተናጋሪ የሆነበት ቋንቋ ላይ ውሃው «አለ» ቢባል ምን ይገርማል።

የዝምድናው ጥያቄ። የለም፣ በፍጹም። አማርኛ ሴማዊ ነው፣ ኬቹዋ ደግሞ ከአንዲስ ውጭ የተረጋገጠ ዘመድ የለውም። ኦንላይን ሁለት ቃል አስተያይቶ «ኢንካዎች ከኢትዮጵያ ሄደው ነው» የሚል ሰው አይጠፋም፣ እባክህ አታካፍለው። የድምፅ ቃላት ደግሞ ለዝምድና ማስረጃ የመጨረሻዎቹ መጥፎዎች ናቸው፣ ምክንያቱም ሁሉም ሰው ከአንድ ምንጭ ነው የሚቀዳቸው። ሳል በኬቹዋ ኡሁ ነው፣ እኛም የሚያስል ሰው ስናስመስል ኡሁ ኡሁ እንላለን፣ ታዲያ ሳል አገር አለው? ጪንም እንደዚያው፣ ኦሮምኛው ጨል ጄዴ ነው ዝም አለ ለማለት፣ ጃፓኖች ሺን ይላሉ ለጸጥታ። «አለ» የሚለውን ግስ ከእንደዚህ ዓይነት ቃል ጋር ማጣመርም የኛ ብቻ አይደለም፣ ትግርኛው በለ፣ ኦሮምኛው ጄዴ፣ ሶማልኛውም በራሱ «አለ» ይሠራዋል፣ ከአፍሪካ ቀንድ ውጭም ብዙ ቦታ አለ። ሰው አፉን ተጠቅሞ አንድ ነገር ካስመሰለ በኋላ «እንዲህ አለ» ማለቱ ተፈጥሯዊ ነው፣ እኛና ኬቹዋዎች እየተነጋገርን አይደለም የደረስንበት።

አንድ የቀረ። ብትሄድ (ሰኔና ሐምሌ ኩስኮ ቀኑ ፀሐይ ነው ሌሊቱ ውርጭ) የመጀመሪያው የምትጠቀመው ቃል ከላይ ካልኩት ውስጥ አንዱም አይሆንም፣ አላላው ነው፣ «ኧረ ብርድ!» ማለት፣ እዚያ ስፓኒሽኛ የሚናገረውም ሰው ሳይቀር ይለዋል። መጨረሻውን አጥብቀው፣ አላ-ላው። ሾርባ ሲያቀርቡልህ ደግሞ አኛኛው በል፣ ይጣፍጣል ማለት ነው፣ ይጨምሩልሃል።